ተራ ሲቀያየር የሚጠብቀው ማነው?

ማተም የፈለግኩት አንዲት ገጽ ብቻ ነበረች። ፕሪንተሩ ጋ ስደርስ ግን አንዱ ባለ 300 ገጽ ሰነድ ልኮ ወደ ጉዳዩ ሄዷል። ማሽኑ በደቂቃ 20 ገጽ ነው የሚያወጣው፤ ገና 40ኛው ላይ ነበር። ሒሳቡን እዚያው ቆሜ ሠራሁት። 13 ደቂቃ ልጠብቅ ነው። የኔዋ ገጽ ቀድማ ብትወጣ ሰውየው የሚዘገየው 3 ሴኮንድ ብቻ ነው። ያውም እሱ እዚያ የለም!

እንዲህ ሲታሰብ ተራ መቀየር ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ችግሩ፣ ወረፋ ላይ የቆመ ሁሉ የሚያስበው ይህንኑ መሆኑ ነው። «የኔ እኮ አንድ ደቂቃም አትፈጅ» የማይል ማን አለ? ታዲያ ተራ ሲቀያየር መጠበቅ በእርግጥ ይቀንሳል ወይስ ከአንዱ ትከሻ ወርዶ ሌላው ላይ ይጫናል? እንደሁኔታው ሁለቱም ይሆናል። ልዩነቱን የሚፈጥረው አንድ ነገር ነው፦ ተራ የሚሰጠው ሰው የጉዳዮቹን ርዝመት ያውቃል ወይስ አያውቅም?

ነገሩን ለማየት ቀለል ያለ ወረፋ እንያዝ። አንድ መስኮት፣ አንድ ሠራተኛ። ሠራተኛው የጀመረውን ሳይጨርስ ሌላ አይጠራም። ሰው እየጠበቀ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም። የመጣ ባለጉዳይም ሰልችቶት ጥሎ አይሄድም። «መጠበቅ» ስል ሰውየው ከደረሰበት እስከ ተጠራበት ያለውን ጊዜ ማለቴ ነው። መስኮቱ ላይ የሚያጠፋው ጊዜ አይቆጠርም።

ሳያውቁ መጥራት

መጀመሪያ ሠራተኛው የማንም ጉዳይ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ አያውቅም እንበል። ሦስት አማራጭ አለው። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ነው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይስተናገዳል። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ መጨረሻ የመጣው ቀድሞ ይጠራል። የማይመስል ነገር ይሁን እንጂ ጠረጴዛ ላይ የተከመረ ፋይል የሚሠራው እንዲህ ነው። አዲሱ ከላይ ይቀመጣል፣ እጅም የሚያነሳው ከላይ ነው። ሦስተኛው ዕጣ ነው። ሰልፍ በሌለበት መስኮት ላይ ሰው ሲጋፋና ሠራተኛው ዓይኑ የገባውን ሲያስተናግድ ማለት ነው።

ከሦስቱ በአማካይ ብዙ የሚያስጠብቀው የትኛው ነው? ሰው ስጠይቅ አብዛኛው «የኋለኛው ቀድሞ የሚጠራበት» ይለኛል። መልሱ ግን የትኛውም አይደለም። የሦስቱም አማካይ እኩል ነው።

ይህ ለማመን ስለሚከብድ ትንሽ እንቆይበት። የወረፋውን ክፍል በጭጋጋማ መስታወት በኩል እያያችሁ ነው እንበል። ፊት አይለይም። የሚታየው የሰው ብዛት ብቻ ነው። አንድ ሰው ሲገባ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል፣ አንዱ ሲጠራ በአንድ ይቀንሳል። የተጠራው ፊተኛው ይሁን ኋለኛው ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ሠራተኛውም የሚጠራው ርዝመት ሳያውቅ ስለሆነ፣ የጠራው ሰው ጉዳይ ከሌላው ይበልጥ ረጅም ወይም አጭር የሚሆንበት ምክንያት የለም። ስለዚህ ወረፋው የሚያድግበትና የሚያጥርበት መንገድ በሦስቱም አሠራር አንድ ዓይነት ነው። በአማካይ የሚታየው ሰው ብዛትም እኩል ይሆናል።

ከሰው ብዛት ወደ ደቂቃ የሚያሻግረን ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1961 አሜሪካዊው ጆን ሊትል ያረጋገጠው ሕግ ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ ወረፋ ላይ ያለው አማካይ የሰው ብዛት፣ በደቂቃ የሚመጣው ሰው ብዛት በአማካዩ የመጠበቂያ ጊዜ ሲባዛ ነው። የመጪው ብዛት ካልተቀየረ፣ የቆመው ሰው ብዛትም ካልተቀየረ፣ አማካዩ ደቂቃ ከየት መጥቶ ይቀየራል?

አማካይ እኩል ነው ማለት ግን ሁሉም እኩል ይጠብቃል ማለት አይደለም። ሁለት ሰው እንውሰድ። ቀዳሚው 3 ሰዓት ላይ ደረሰ። ተከታዩ 3 ሰዓት ከ10 ላይ። መስኮቱ ባዶ የሚሆነው 3 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከዚያ ደግሞ 3 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። በመጡበት ቅደም ተከተል ከተጠሩ ሁለቱም 30፣ 30 ደቂቃ ይጠብቃሉ። ከተገላበጠ አንዱ 20፣ ሌላው 40 ይሆናል። ድምሩ ሁለቴም 60 ነው። የተለየው ስርጭቱ ነው። ኋለኛን ማስቀደም ሁልጊዜ ይህን ነው የሚያደርገው፤ አጭሩን መጠበቅ ያሳጥራል፣ ረጅሙን ያስረዝማል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ኪንግማን በ1962 ያረጋገጠው የዚህን አንድ ጎን ነው። ርዝመት ሳይታወቅ ከሚደረጉ አጠራሮች ሁሉ የመጠበቂያ ጊዜን በጣም የሚያቀራርበው በመጡበት ቅደም ተከተል መጥራት ነው። በጣም የሚያራርቀው ደግሞ የኋለኛውን ማስቀደም መሆኑን ከሱ በኋላ ሌሎች አሳይተዋል።

ልዩነቱ ምን ያህል ይደርሳል? አንድ ጉዳይ በአማካይ 5 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። በ100 ደቂቃ ውስጥ በአማካይ 18 ሰው ይመጣል። ሠራተኛው ከጊዜው 90 በመቶውን ሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ሰዎቹ የሚመጡት በቀጠሮ ሳይሆን በዘፈቀደ ነው። የጉዳያቸው ርዝመትም የተዘበራረቀ ነው፤ ብዙ አጭር፣ አልፎ አልፎ ረጅም። የሒሳብ ሰዎች ኤክስፖኔንሻል የሚሉትን ስርጭት ልጠቀም። አማካዩ መጠበቅ 45 ደቂቃ ይመጣል፤ በሦስቱም አሠራር። ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚባለው የመራራቅ መለኪያ ግን በመጡበት ሲጠሩ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። በዕጣ ሲሆን ወደ 78 ይወጣል። የኋለኛው ሲቀድም 207 ደቂቃ!

ይቺን የመጨረሻዋን ቀረብ ብለን እንያት። ኋለኛው በሚቀድምበት ወረፋ ላይ ስትደርሱ ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው እንበል። እናንተ አሁን የመጨረሻ ናችሁ፤ ስለዚህ ተረኛ ናችሁ። መስኮቱ ላይ ያለው ሰው እስኪጨርስ ሌላ ሰው ካልመጣ ወዲያው ትጠራላችሁ። የዚህ ዕድል ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል፣ 53 በመቶ ገደማ። እነዚህ ዕድለኞች በአማካይ 3 ደቂቃ እንኳ አይጠብቁም። ያልቀናቸው ግን በላያቸው ላይ ሌላ ይመጣባቸዋል፣ በዚያ ላይ ደግሞ ሌላ። እነሱ በአማካይ የሚጠብቁት ከ100 ደቂቃ በላይ ነው። ከታች የተቀበረ ፋይል ዕጣ ፈንታ ይሄ ነው። አማካዩን ብቻ የሚያይ አለቃ «ምንም የተቀየረ ነገር የለም» ቢል አልዋሸም። ከሥር የተቀበረው ሰው ግን በዚህ አይጽናናም።

አውቆ መጥራት

አሁን ሠራተኛው የእያንዳንዱን ጉዳይ ርዝመት ያውቃል እንበል። ጨዋታው እዚህ ላይ ይቀየራል።

ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ቆሟል። የአንዱ ጉዳይ 20 ደቂቃ፣ የሌላው 5፣ የሦስተኛው 2 ደቂቃ ይፈጃል። ባለ 20ው ቢቀድም፣ ቀጥሎ ባለ 5ቱ፣ ከዚያ ባለ 2ቱ፦ የሚጠብቁት 0፣ 20 እና 25 ደቂቃ ነው። ድምሩ 45፣ አማካዩ 15። አሁን ገልብጡት። ባለ 2ቱ ምንም አይጠብቅም፣ ባለ 5ቱ 2 ደቂቃ፣ ባለ 20ው 7 ደቂቃ። ድምሩ 9፣ አማካዩ 3። ሠራተኛው አልፈጠነም። ሥራው ያው 27 ደቂቃ ነው። መጠበቁ ግን በአምስት እጥፍ ቀነሰ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሁለት ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች ቦታ ሲለዋወጡ፣ ወደ ኋላ የሄደው የሚጎዳው በሌላው ጉዳይ ርዝመት ልክ ነው። ወደ ፊት የመጣውም የሚጠቀመው በዚያኛው ጉዳይ ርዝመት ልክ ነው። ባለ 20ው ለባለ 2ቱ ቦታ ቢለቅ 2 ደቂቃ ይከስራል፤ ያኛው 20 ያተርፋል። እንዲህ ያለ አትራፊ ልውውጥ እስኪጠፋ ብንቀጥል መጨረሻ ላይ የምንደርሰው ከአጭር ወደ ረጅም የተደረደረ ሰልፍ ላይ ነው። ጉዳዮቹ በአስቸኳይነት ከተለያዩ ደግሞ ዌይን ስሚዝ በ1956 ያሳየው ማስተካከያ አለ፤ የእያንዳንዱን ክብደት ለርዝመቱ አካፍሎ ትልቁን ማስቀደም። ክብደቱ 6 የሆነ የ12 ደቂቃ ጉዳይ፣ ክብደቱ 1 ከሆነ የ3 ደቂቃ ጉዳይ ይቀድማል ማለት ነው፤ ረጅም ቢሆንም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ትርፍ ከባዶ ሜዳ መጣ? እኔን በጣም የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። ከላይ ያሉትን ሦስት ሰዎች መልሳችሁ ያዙ። የእያንዳንዱን መጠበቅ በራሱ ጉዳይ ርዝመት አባዙና ደምሩ። በመጀመሪያው ሰልፍ፦ ባለ 20ው ዜሮ፣ ባለ 5ቱ 5 በ20፣ 100፤ ባለ 2ቱ 2 በ25፣ 50። ድምር 150። በተገለበጠው ሰልፍ፦ ባለ 2ቱ ዜሮ፣ ባለ 5ቱ 5 በ2፣ 10፤ ባለ 20ው 20 በ7፣ 140። ድምር 150። ባለ 5ቱን አስቀድማችሁ ሞክሩት፣ ያው 150 ነው።

ሊዮናርድ ክላይንሮክ፣ ኋላ ላይ በኢንተርኔት ጅማሮ ስሙ የሚነሳው ሰው፣ ይህን ለማያቋርጥ ወረፋ በ1965 አረጋግጦታል። በሥራ ሲመዘን የመጠበቅ ሸክም አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሚቀየረው ሸክሙ በስንት ራስ ላይ እንደሚወድቅ ነው። አጭሩን ማስቀደም ሸክሙን ወደ ጥቂት ረጅም ጉዳዮች ይሰበስበዋል። አማካይ ደግሞ የሚቆጥረው ራስ ነው፤ ባለ 20ውም አንድ ሰው፣ ባለ 2ቱም አንድ ሰው። ለዚህ ነው አማካዩ የሚወርደው።

ወረፋው የማይቆም ሲሆን ምን እንደሚመስል በቁጥር ልስጣችሁ። ከ10 ሰው 9ኙ የ2 ደቂቃ ጉዳይ አላቸው፣ አንዱ የ20 ደቂቃ። የሚመጡት በዘፈቀደ ነው፣ ሠራተኛው 80 በመቶ ሥራ ላይ ነው። በመጡበት ቢጠሩ ሁሉም በአማካይ 23 ደቂቃ ይጠብቃሉ። የ2 ደቂቃ ጉዳይ ይዞ 23 ደቂቃ! አጫጭሮቹ ቢቀድሙ እነሱ ወደ 7 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ገደማ ይወርዳሉ። ረጃጅሞቹ ወደ 37 ይወጣሉ። የሁሉም አማካይ ከ23 ወደ 10 ይወርዳል። በተቃራኒው «ትልቅ ጉዳይ ይቅደም» ቢባል ትልልቆቹ 8 ደቂቃ ገደማ፣ ትንንሾቹ 40 ደቂቃ ገደማ ይጠብቃሉ፤ አማካዩ ወደ 36 ይዘላል። ሠራተኛው ያው፣ ሰዎቹ ያው፣ ሥራው ያው። 10፣ 23፣ 36።

ጉዳዩ ሁሉ እኩል ርዝመት ካለው ግን ይሄ ሁሉ ልፋት ከንቱ ነው። አጭር የሚባል የለማ። በነገራችን ላይ የርዝመት መለያየት ራሱ ወረፋ ያስረዝማል። ቅድም 45 ደቂቃ ያስጠበቀው መስኮት እያንዳንዱ ጉዳይ ልክ 5 ደቂቃ ቢሆን ኖሮ የሚያስጠብቀው 22 ደቂቃ ተኩል ነበር። ልክ ግማሹን። በዚህ ላይ ተራ ማስተካከል አያስፈልግም።

የተግባሩ ጣጣ

«አጭሩ ይቅደም» ወረቀት ላይ ያምራል። ሰው ላይ ሲውል ግን የመጀመሪያው ችግር እውነቱን ማን ይናገራል የሚለው ነው። ደንቡ እንደታወቀ የሁሉም ጉዳይ በአንድ ጊዜ አጭር ይሆናል። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ ነው» ብሎ ገብቶ ግማሽ ሰዓት የሚቆይ ሰው ያላየ የለም። የኋለኛውን ማስቀደምም የራሱ ተንኮል አለው። ከሥር የተቀበረው ሰው ወጥቶ እንደ አዲስ መሰለፍ ይችላል፤ የመጨረሻ ይሆናል፣ ተረኛም ይሆናል። በመጡበት መጥራት ይህን ሁሉ አይፈልግም። ማወቅ ያለበት ማን መቼ እንደደረሰ ብቻ ነው። ለኔ ይህ አሠራር ሰው መሃል የጸናው ምርጥ ስለሆነ ሳይሆን ለማጭበርበር አስቸጋሪ ስለሆነ ይመስለኛል።

ሁለተኛው፣ ርዝመቱን ራሱ ባለጉዳዩም ላያውቀው ይችላል። ኮምፒውተር እዚህ ላይ ሌላ ዘዴ አለው። ሥራውን ሁሉ ትንሽ ትንሽ እያቃመሰ ያዞረዋል። አጭሩ ሳይጠየቅ ራሱ ቶሎ ይወጣል፣ ረጅሙ ይዞራል። በዚህ አሠራር የሁሉም መዘግየት ከርዝመቱ ጋር ተመጣጣኝ ነው። ማሽኑ 90 በመቶ ሥራ ላይ ከሆነ፣ በአማካይ የ2 ሴኮንዱ ሥራ በ20 ሴኮንድ፣ የ20ው በ200 ያልቃል። ሁሉም አሥር እጥፍ። መስኮት ላይ ያለ ሰው ግን ባለጉዳዮችን በየ10 ሴኮንዱ ቢቀያይር ይታያችሁ።

ሦስተኛው የረጅሙ ሰው ጥያቄ ነው። አጭር እየመጣ ቢቀድመው መቼ ነው የሱ ተራ? ጀምሮ ማቋረጥ ከተፈቀደ ከሁሉ የተሻለ አማካይ የሚሰጠው የቀረው ሥራ ትንሽ የሆነውን ማስቀደም ነው፤ ላይነስ ሽሬጅ በ1968 አረጋግጦታል። ለረጅም ጊዜ የነበረው ፍርሃት ረጅሙ ሥራ በዚህ አሠራር ተረስቶ ይቀራል የሚል ነበር። ኒኪል ባንሳልና ሞር ሃርኮል-ባልተር በ2001 ደስ የሚል ነገር አሳዩ። ማሽኑ ከጊዜው ከግማሽ ያልበለጠውን ብቻ ሥራ ላይ ከሆነ፣ ትልቁም ሥራ ቢሆን እያቃመሱ ከማዞር ይልቅ በዚህኛው በአማካይ ይጠቀማል። የሚጎዳ የለም። ትንንሾቹ ቶሎ ወጥተው መንገዱን ስለሚለቁለት ነው።

ከግማሽ በላይ ሲሆን ግን ያ ዋስትና የለም። የተራ ነገር አንገብጋቢ የሚሆነውም ሥራ ሲበዛ ነው። ያ የ5 ደቂቃው መስኮት በመጡበት ተራ 50 በመቶ ሥራ ላይ ሲሆን የሚያስጠብቀው 5 ደቂቃ ነው። 80 በመቶ ላይ 20፣ 90 በመቶ ላይ 45፣ 95 በመቶ ላይ 95 ደቂቃ። ግማሽ ቀን ባዶ ለሚውል መስኮት ስለ ተራ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም። ሊሞላ ጥቂት ለቀረው ግን ማን ይቅደም የሚለው የሰዓታት ጉዳይ ነው።

ወደ ፕሪንተሩ ልመለስ። እሱ ማሽን ስለሆነ አይዋሽም፤ ሥራው ስንት ገጽ እንደሆነ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ያውቀዋል። ሁለታችንም ሳይጀመር ብንደርስ ኖሮ እኔን ማስቀደም ይገባው ነበር። 40ኛው ገጽ ላይ ደርሶ ማቋረጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ቢያደርገው ኖሮ ሰውየው ተመልሶ ሰነዱን ሲያገላብጥ 41ኛው ገጽ ላይ የኔን ደብዳቤ ያገኝ ነበር።